በቧንቧ የመጡ ደሴቶች

ከማንሃተን የተነሣው ኤ ባቡር ሃዋርድ ቢችን ሲያልፍ ውሃ ላይ ይወጣል። በአንዱ መስኮት የጄኤፍኬ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በሌላው ሣር የለበሱ ዝቅተኛ ደሴቶች ይታያሉ። ጀማይካ ቤይ ይህ ነው፦ ብሩክሊንና ኩዊንስ የሚጋሩት፣ ኒውዮርክ ዳር ዳሩን እየደፈነች አስፋልት ያለበሰችው የባሕር ወሽመጥ።

ብሮድ ቻነል ላይ ወርጄ ወደ አዕዋፍ መጠለያው በእግሬ አቀናሁ። ሰኔ ነው፤ ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል ወደ የብስ የሚወጡበት ጊዜ። አሸዋ ፍለጋ ጄኤፍኬ ማኮብኮቢያ ድረስ ዘልቀው በረራ ያስተጓጎሉበት ጊዜም አለ። አልፈርድባቸውም፤ ከአውሮፕላኑ ቀድመው የነበሩት እነሱ ናቸው።

በመጠለያው ውስጥ ካለው ኩሬ ማዶ የሎው ባር የሚባለው ደሴት አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል። ለማያውቅ ሰው ተራ ሣር ነው። ሣሩ የቆመበት አሸዋ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በቧንቧ ተገፍቶ የመጣ ነው። የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ጓድ ለትልልቅ መርከቦች መግቢያ ከተቆፈረው ከአምብሮዝ መተላለፊያ የወጣውን፣ ከ280 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ አሸዋ እዚህ አፈሰሰው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ፤ እኔ የምዞረውን ኩሬ ግድብ በጥሶ ባሕር አስገባበት። ግድቡ የተጠገነው ከዓመታት በኋላ ነው።

አሸዋው ያስፈለገው የወሽመጡ ደሴቶች እየሟሙ ስለሆነ ነው። ለምን እንደሚሟሙ አንድ ምክንያት ብቻ የሚነግረኝ ሰው አላምንም። ባሕሩ ከፍ እያለ ነው። ዳርቻው በግንብ ስለታጠረ ደሴቶቹን የሚያሳድግ ደለል እንደ ቀድሞው አይመጣም። ወለሉ ለመርከብና ለመሬት መሙያ ተቆፍሮ ጠልቋል፤ የጄኤፍኬ መሬት ራሱ ከዚሁ ወለል በወጣ አሸዋ የተሞላ ነው። የአራት ፍሳሽ ማጣሪያዎች ውሃ ደግሞ ናይትሮጅን ይዞ ይገባል። ይህኛው ግራ ያጋባል፤ ማዳበሪያ ለሣር መልካም አይደለምን? ማዳበሪያ የበዛበትን ጤፍ ያየ ገበሬ ግን አይደነቅም፦ ላዩ ይለመልማል፣ ከዚያ ይጋሽባል። የደሴቶቹ ረግረግም እንደዚያው ነው። ሣሩ ምግብ ፍለጋ የሚሰደውን ሥር ሲቀንስ ጭቃውን አጥብቆ የሚይዝ ነገር ያንሳል፤ የደሴቱ ጠርዝ እየተቦጨቀ ውሃ ውስጥ ይወድቃል።

ኤልደርስ ፖይንት ቀድሞ ወደ 53 ሄክታር የሚሆን አንድ ደሴት ነበር። መሐሉ ታጥቦ ለሁለት ተከፈለ። ምሥራቁ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007፣ ምዕራቡ በ2010 አሸዋ ተሞልቶ ሣር ተተከለበት። ምሥራቁ ላይ ብቻ 700 ሺህ ያህል ችግኝ በሰው እጅ ገብቷል። እዚህ ሥራ ላይ ሁሉ ነገር የከፍታ ጉዳይ ነው። አሸዋው ትንሽ ዝቅ ካለ ሣሩ ይሰጥማል፤ ትንሽ ከፍ ካለ የባሕሩ ሙላት አይደርስበትም፣ ሸምበቆ ይወርሰዋል። ባሕሩ ከፍ ማለቱን ስላላቆመ ደግሞ የዛሬው ትክክለኛ ልክ የነገ ልክ አይደለም።

ስለዚህ «ደሴቶቹ ተመለሱ» ሲባል እጠራጠራለሁ። እኔ ያየሁት እየተደጎሙ የሚኖሩ ደሴቶችን ነው። አሸዋቸው የሚመጣው ወሽመጡን የጎዳውን ከመሰለ የመርከብ መንገድ ቁፋሮ መሆኑ ያስቃል፤ ቢሆንም አሸዋው ከሚባክን እዚህ ቢፈስስ እመርጣለሁ። ሩለርስ ባር እና ብላክ ዎል የተባሉት ደሴቶች ላይ ሣሩን የተከሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው ችግኝ ያስገቡ ሰዎች ፊት «ድጎማ ነው» ለማለት ደፋር መሆን ይጠይቃል።

ወደ ጣቢያው ስመለስ አንድ አዛውንት ቤታቸው ደጃፍ ጀልባ ይቀቡ ነበር። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ባሕሩ በፍሳሽ ቦዩ ወጥቶ መንገዳቸውን ያጥለቀልቀው እንደነበር አጫወቱኝ። አሁንስ? መንገዱ ተደልድሎ ከፍ ብሏል። ጓሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው፤ ውሃው አሁን እዚያ ይተኛል። የሚቀጥለውን ከፍታ በራሳቸው ገንዘብ እንደሚሠሩት ነግረውኝ ወደ ቀለማቸው ተመለሱ።