ቁልፉ ሳይሰበር

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1980 ከካርቱም ተነሥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ የምጠብቀው ሻንጣ አልነበረኝም። መንገደኛው ሁሉ በሚዞረው ጥቁር ጎማ ዙሪያ ተኮልኩሎ ዕቃውን ሲጠባበቅ፣ እኔ በትከሻዬ ያንጠለጠልኳትን የጨርቅ ቦርሳ ይዤ በአጠገቡ አለፍኩ። በውስጧ አንድ ቅያሪ ሸሚዝና በእርዳታ ያገኘሁት አንድ ሹራብ ነበር። የሚሰረቅ ነገር የሌለው ሰው ሌባን አይፈራም። ስለ ሻንጣ መጨነቅ የጀመርኩት ብዙ ቆይቼ፣ ደርግ ወድቆ አገር ቤት መመላለስ ከተቻለ በኋላ ነው። ዛሬ የማነሣውም ስለዚያ ጭንቀት፣ በተለይም በጥር ወር 2007 ስለ ጠፋችብኝ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በደርግ ዘመን ከዚህ ደብዳቤ ስጽፍላት በፖስታ ቤት መላክ ያስፈራ ስለ ነበር፣ ወደ አገር የሚገባ የታመነ ሰው እስኪገኝ ወራት እጠብቅ ነበር። ደብዳቤውን የጎረቤት ተማሪ ያነብላታል፤ እርሷም መልሷን በካሴት ቀድታ በሰው እጅ ትልክልኛለች። ያ ዘመን የነበረው ስደተኛ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ከካሴቱ ውስጥ የዶሮ ጩኸት፣ የጎረቤት ሳል፣ የዝናብ ድምፅ አብሮ ይመጣ ነበር፤ እኛም ከቃሏ ይልቅ ያንን ደጋግመን እንሰማለን።

በኅዳር 2006 አረፈች። ለቀብሯ አልደረስኩም፤ የደረስኩት ለአርባዋ ነው። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ታላቅ እኅቴ ከአልጋው ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን አውጥታ ሰጠችኝ። በውስጧ ከ1981 እስከ 1991 የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች በነጠላ ጥለት ታስረው ተቀምጠዋል፤ ከሥራቸው ደግሞ ሦስት ካሴቶች ነበሩ። እናቴ ቀድታቸው፣ የሚወስድላት ሰው አጥታ የቀሩ ናቸው። እዚያው ላዳምጣቸው አልደፈርኩም። በለቅሶ ቤት የሟችን ድምፅ መክፈት የእኅቶቼን ቁስል መቀስቀስ ነው ብዬ፣ ፍራንክፈርት ስደርስ ብቻዬን እሰማቸዋለሁ አልኩ። እኅቴ ሣጥኗን በትንሽ ቁልፍ ቆልፋ መክፈቻውን በኪሴ አኖረችልኝ።

በመሄጃዬ ዋዜማ አንዲት የሰፈራችን እናት መጡ። ልጃቸው ኦፈንባኽ ልትሞሸር ነውና የአንገት ሐብልና የልደት ምስክር ወረቀቷን ይዘዋል። «አደራህን፣ ልጄ፤ ከእጅህ እንዳይለይ» አሉኝ። አደራ የሚለውን ቃል እንደ ተራ ልመና የሚቆጥር ሐበሻ የለም። ተቀበልኩ።

በማግሥቱ የአየር መንገዱ ሠራተኛ የእጅ ቦርሳዬን በሚዛን ላይ አስቀምጦ ከብዷል፣ ቀንስ አለኝ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ አለ። ቦርሳውን ከፈትኩት፤ ከላይ የሰው አደራ፣ ከሥር የእናቴ ሣጥን። የትኛውን ወደ ትልቁ ሻንጣ እንደማወርድ ያሰብኩት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነበር። ሣጥኗን አወጣሁና በልብሴ መካከል ከትቼ ሻንጣውን ቆለፍኩ። ሐብሉና ወረቀቱ በእጄ ቀሩ። «ሻንጣህን ያዘጋጀኸው ራስህ ነህ? ከሰው የተቀበልከው ዕቃ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅም፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ የለም አልኩ።

ይህ ጥያቄ ያለ ምክንያት የሚጠየቅ አይደለም፤ ታሪኩም እኛን የፍራንክፈርት ነዋሪዎችን ይነካል። በታኅሣሥ 21 ቀን 1988 በስኮትላንድ፣ በሎከርቢ ሰማይ ላይ የፈነዳው የፓን አም አውሮፕላን በውስጡ የነበሩትን 259 ሰዎችና በምድር ላይ የነበሩ 11 ነዋሪዎችን ፈጀ። ጉዳዩን የመረመረው ፍርድ ቤት በጥር 2001 በሰጠው ውሳኔ፣ ቦምቡን የያዘው ሻንጣ ባለቤት ሳይኖረው ከማልታ ተነሥቶ በፍራንክፈርት በኩል ወደ ለንደን እንደ ተሻገረ አረጋግጧል። ሻንጣ ያለ መንገደኛው እንዳይጫን የሚደረገው ጥብቅ ቁጥጥርም ከዚያ አደጋ ወዲህ ተጠናከረ። እንግዲህ ጠያቂው ሥራውን ነው የሚሠራው። እኛ ደግሞ በሌላ ሕግ የምንገዛ ሰዎች ነን፤ ለእናት እንቢ ማለት አልተማርንም። ሆኖም ያልፈተሽነውን የታሸገ ዕቃ መቀበል ሞኝነት እንደ ሆነ ዛሬ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። የሴትዮዋን ጥቅል ከፍቼ አይቻለሁ፤ እሳቸውም አልተቀየሙም። የበደልኩት የለም በማለቴ ነው።

በመንገድ ላይ በአንድ ከተማ አውሮፕላን ቀይረን ፍራንክፈርት ገባን። ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛው ያን ጊዜ የሚያውቀው የሚታየውን ነበር፤ በ1972 የተከፈተውን አንደኛውን ተርሚናልና በ1994 የተጨመረውን ሁለተኛውን። ከእግሩ ሥር ግን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሻንጣ ማመላለሻ መስመር ተዘርግቷል፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ዘይት ደርሶ ለመመለስ ጥቂት የሚጎድለው ማለት ነው። ሻንጣ ከእጃችን ከወጣ በኋላ በማሽንና በማናውቃቸው ብዙ እጆች ያልፋል፤ ይጫናል፣ ይወርዳል፣ ይፈተሻል፣ ጥግ ላይ ያድራል። ከሺህ እጅ አንዱ ቢያጥር ባለቤቱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሻንጣዬ በሰላም ወጣ። ቁልፉ እንደ ተቆለፈ ነው፤ አልተሰበረም፤ ዚፑም አልተቀደደም። ደስ ብሎኝ በከተማው ባቡር ወደ ጋሉስ ሰፈር ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማታ ስከፍተው በርበሬው አለ፣ ሽሮው አለ፣ ልብሱም ተጣጥፎ አለ። ሣጥኗ ብቻ የለችም።

ሌሊቱን ሙሉ ሻንጣውን ሳገላብጥ አደርኩ። ምሥጢሩን የነገረኝ ከዓመታት በፊት በሻንጣ ጥገና ይሠራ የነበረ ወዳጄ ነው። እስክሪብቶ አመጣና ጫፉን በዚፑ ጥርሶች መካከል ወጋው፤ ዚፑ ከመሐል ተከፈለ። ከዚያም የተቆለፉትን ሁለት መጎተቻዎች ከነቁልፋቸው ወዲያና ወዲህ ሲያንሸራትታቸው ጥርሶቹ እንደ ነበሩ ተገጣጠሙ። ምንም ምልክት አልቀረም። ይህን ያየ ሰው በዚፕ ሻንጣ ላይ የሚንጠለጠል ቁልፍ ለሌባ ሳይሆን ለባለቤቱ ልብ ማረፊያ የተሠራ መሆኑን ይረዳል። የሣጥኗ ቁልፍ ደግሞ ከዚህ የከፋ ሥራ ሠርቷል። በሻንጣ ውስጥ የተቆለፈ ትንሽ ሣጥን ያገኘ ሌባ ወርቅ ነው ብሎ ከማሰብ ሌላ ምን ያስባል? እኅቴ ሳትቆልፈው ቢሆን ኖሮ የተጻፈ ወረቀትና አሮጌ ካሴት ማን ይነካው ነበር?

በሦስተኛው ቀን አቤቱታ ለማቅረብ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ወጣት ሠራተኛ ትሑት ነበረች። ቅጹ የዕቃውን ዓይነት፣ የተገዛበትን ዓመት፣ ዋጋውንና ደረሰኙን ይጠይቃል።

«ካሴቶቹ ባዶ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«ሙዚቃ?»

«አይደለም። የእናቴ ድምፅ ነው።»

ጥቂት ዝም አለችና በሚገኘው ቦታ «ያገለገሉ ካሴቶች፣ 3» ብላ ጻፈች። ስለ ደብዳቤዎቹ የሚሆን ረድፍ አልነበረም። ከስድስት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ ሻንጣውን ያለ ቅሬታ ተረክቤ መውጣቴን አስታውሶ፣ ለመልካም ግንኙነት ሲባል 150 ዩሮ እንደሚከፈለኝ ይገልጻል። ሣጥኗ በየትኛው አገር ምድር ላይ እንደ ተወሰደች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ስለዚህ ማንንም አልወነጅልም።

ሕጉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። በ1999 ሞንትሪያል ላይ የተፈረመው ስምምነት በ2003 ጸንቶ፣ በጀርመን ከ2004 ጀምሮ ይሠራበታል። የእኔም ደርሶ መልስ ቲኬት ከፍራንክፈርት ተነሥቶ እዚያው የሚያበቃ ስለ ነበር በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ነበርኩ። ስምምነቱ አየር መንገዱ የተረከበው ሻንጣ በእጁ ሳለ ለሚደርስበት ጥፋት ተጠያቂ ያደርገዋል። ነገር ግን ባለቤቱ ሳያጉረመርም የተረከበው ሻንጣ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ደኅና እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ስለ ጉዳት በጽሑፍ የሚቀርብ ቅሬታ ሻንጣው በደረሰ በ7 ቀን ውስጥ፣ ስለ መዘግየት በ21 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ለክስ ያለው ጊዜ 2 ዓመት ነው። የካሣው ጣሪያ ያን ጊዜ ለአንድ መንገደኛ 1,000 «ልዩ የመውሰጃ መብት» በሚባለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነበር፤ ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ወዲህ 1,519 ሆኗል፤ ከ1,700 ዩሮ በላይ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ዕቃ የያዘ ሰው ሻንጣውን ሲያስረክብ ዋጋውን አስታውቆ፣ ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ ማስመዝገብ ይችላል።

በእነዚህ ዓመታት ዘዴው ሁሉ ተለዋወጠ። የአሜሪካ ፈታሾች በራሳቸው መክፈቻ የሚከፍቷቸው ቁልፎች ከ2003 ወዲህ ተሠራጩ፤ በ2015 ግን የዋናዎቹ መክፈቻዎች ቅርጽ ከታተመ ፎቶግራፍ ተቀድቶ ለማንም የሚገኝ ሆነ። ሻንጣን በፕላስቲክ መጠቅለል የሰነፍ ሌባን እጅ ያዘገያል፤ ፈታሽ ግን ይቀደዋል። ያለ ዚፕ በመቆለፊያ የሚገጥም ጠንካራ ሻንጣ ከሁሉ ይሻላል። ዚፕ ያለውም ቢሆን መጎተቻዎቹ ከእጀታው ጋር ከታሰሩ መንሸራተት ስለማይችሉ፣ የተከፈተው መልሶ አይገጥምም፤ ባለቤቱም ቢያንስ መከፈቱን ያውቃል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ኤርታግን የመሰሉ ትናንሽ መሣሪያዎች ሻንጣው የት እንዳለ በስልክ ያሳያሉ፤ ከሻንጣው የወጣውን ዕቃ ግን አይከተሉም። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው አጭር ነው፦ ከመሄድህ በፊት ዕቃህን ፎቶ አንሣ፤ የሻንጣውን የቁጥር ወረቀት አትጣል፤ አዳራሹን ሳትለቅ ሻንጣህን ክፈተው፤ የማይተካውን ነገር ግን ማንም ቢቆጣህ ከእጅህ አታውጣ።

የመጨረሻውን ምክር ስሰጥ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ሣጥኗ በጠፋች ማግሥት ኦፈንባኽ ሄጄ ሐብሉንና ወረቀቱን ለሙሽራዋ አስረከብኩ። ሐብሉን አንገቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «መንገዱ እንዴት ነበር፣ ጋሼ?» አለችኝ። «በሰላም» አልኳት። በእኔ መዘዝ ደስታዋ እንዲጎድል አልፈለግሁም። እናቴ በሕይወት ኖራ ያን ዕለት ከሚዛኑ ፊት ብትቆም ኖሮ፣ የትኛውን በእጅህ ያዝ ትለኝ እንደ ነበር አውቃለሁ። የራሴን ማጣቴ ይቆጨኛል፤ የሰውን መጠበቄ አይቆጨኝም። እነዚህ ሁለቱ እስካሁን አልታረቁልኝም።

በ2009 እኅቴ ስልክ ደወለችልኝ። የእናቴን ቴፕ ደብረ ብርሃን የሚኖር ዘመዳችን ወስዶት ኖሮ፣ ሲከፍተው በሆዱ ውስጥ አንድ ካሴት ተገኝቷል። ራሴ ሄድኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሲዲ አስገልብጬ አንዱን ለእኅቴ፣ አንዱን ለወንድሜ ልጅ ሰጠሁ፤ ሦስተኛውንና ካሴቱን በካፖርቴ የውስጥ ኪስ ይዤ ተመለስኩ። አብዛኛው ከሬዲዮ የተቀዳ ዜማ ነው። መጨረሻው ላይ ዜማው ይቋረጥና እናቴ አንዱን ልጅ ስትጠይቅ ትሰማለች፦ «ይሄ ነገር ይቀዳል? ወይስ ዘግተኸዋል?» ልጁ ይመልሳል፤ ድምፁ አይለይም። ከዚያ ካሴቱ ያልቃል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ፍራንክፈርት በደረስኩ ቁጥር ሻንጣዬን ከጎማው ላይ አንሥቼ፣ ሰው ቢያየኝም ባያየኝም፣ እዚያው ወለሉ ላይ አስተኝቼ እከፍተዋለሁ። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ልብሱን አያለሁ። ከዚያ ዘግቼው ወደ ባቡሩ እወርዳለሁ።