የቃሬዛው መንገድ

አጎቴን ከናዳው ሥር ያወጣናቸው ስድስት ሆነን ነው። ሁለታችን ብብታቸውን ይዘን ስንጎትት፣ የቀሩት እግራቸውን የዋጠውን ጭቃ በዶማና በእጃቸው ይዝቃሉ። ከዳባት በላይ ባለች ደገኛ መንደር፣ በነሐሴ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የጓሮው ገደል ንጋት ላይ ተንዶባቸው ነበር። «አይዞዎት! አይዞዎት!» እያልን ጎተትናቸው። ወጡ። እልል ተባለ። በእጅና በእግራቸው አንጠልጥለን ቃሬዛው ላይ አጋደምናቸው።

ቃሬዛን የማያውቅ ደገኛ የለም፤ ሁለት አጣና፣ መሐሉ ጠፍር፣ ላዩ ጋቢ። ወላዱም፣ በሽተኛውም፣ አስከሬኑም በእሱ ይወርዳል። ትከሻ ሲዝል ሌላ ትከሻ ይተካል፤ መንገድ ላይ ያገኘን ገበያተኛ እንኳ ሸክሙን አውርዶ ተሸክሞልናል። አስፋልቱ ድረስ ሦስት ሰዓት ፈጀብን።

ጎንደር ስንደርስ ነርሷ ስለ ዝናቡ አልጠየቀችኝም። «ስታወጧቸው እንዴት ያዛችኋቸው?» አለች። አሳየኋት። ዝም አለች። ወገባቸውን የሰበረው ናዳው ይሁን የእኛ እጅ፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አጎቴ ግን ባዩኝ ቁጥር «ያወጣኸኝ ልጄ» ይሉኛል። ከዚህ የከበደ ምርቃት አላውቅም።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ጎፋ ዞን ውስጥ ናዳ ሰው ቀበረ፤ ሊያወጡ የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ ደረበባቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። በነሐሴ ደግሞ በእኛው በሰሜን ጎንደር፣ ጠለምት ላይ መሬቱ ተንዶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። አምቡላንስ የለም አልልም፤ አለ። ግን መንገዱ ካለቀበት ይቆማል፤ ከእሱ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ጎንደር ይህን ማወቅ አያቅታትም ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የተከፈተባት፣ ደምቢያን ወባ ከፈጀው በኋላ፣ ሐኪም የማይደርስበት ገጠር የሚወጣ ባለሙያ ለማፍራት ነው። ታዲያ ቃሬዛ ተሸካሚውን ማን አስተማረው?

ነርሷ ያን ቀን አሳይታኛለች። ገደሉን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይቁም። አደጋ ካላጣደፈ የተጎዳውን አትጎትቱ። አንዱ ራሱንና አንገቱን ይያዝ፤ ሌሎቹ በእሱ ትእዛዝ ባንድ ጊዜ ያንሡ። ጠፍር ይረግባል፤ የበር ሳንቃ ይሻላል።

ባለፈው ጥር ይህንኑ ለሰፈሩ ጎረምሶች ላሳይ ብዬ የሚተኛልኝ ሰው አጣሁ፤ ሁሉም ይሣሣቃል። አጎቴ ከመደባቸው ሆነው «ምን ትፈልጋለህ? እኔ አለሁ አይደል» አሉ። አምስት ሆነው፣ ትልቁ ልጅ ራሳቸውን ይዞ እየቈጠረ፣ በሳንቃ አንሥተው ፀሐይ ላይ አወጧቸው።