የልጄ የመመገቢያ ቱቦ ሲቸግረን

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። «ፈጣን»፣ «ቀላል»፣ «ትንሽ» የሚሉ ቃላት ሰው ላይ ምን እንደሚሠሩ አውቃለሁ። ሐኪሙ የልጄን ሆድ «በትንንሽ ቀዳዳ» እንደሚያስተካክለው ሲነግረኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ትንሽ የሆነው ምኑ ነው የሚል ነበር።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ ያለ ጊዜዋ ተወልዳ መዋጥ ስለከበዳት የምትመገበው ሆዷ ላይ በተተከለ ቱቦ ነው። ቱቦን ሆድ ሳይከፍቱ በኢንዶስኮፒ መትከል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ክሊቭላንድ ውስጥ በአንድ ሕፃን ላይ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ስታያት ማጉረስ አለመቻሏ አንገበገባት። «እስቲ ጣቴን እንኳ ላስልሳት» ትለኝ ነበር።

በቱቦ የሚመገብ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዙሪያው ያዥታል፣ ቀይ ሥጋ ይበቅልበታል፣ ልጅ ጎትቶ ያወጣዋል። ከወጣ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ስለሚጀምር ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ለምደነው ነበር።

ቱቦው ከተቀየረ በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። የሰጠኋት ወተት ብዙም ሳይቆይ፣ መልኩ እንኳ ሳይለወጥ፣ ዳይፐሯ ላይ ይገኝ ጀመር። ልጄ ከሳች። ዘመድ «ጥርስ ልታወጣ ነው» አለ። አንድ ክሊኒክ ወተቱን ቀይሩላት ብሎ መለሰን። ቀየርን፤ ያው ነው።

በመጨረሻ በቱቦው በኩል በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ ሰጧት። ፈሳሹ የሞላው ጨጓራዋን ሳይሆን ትልቁን አንጀቷን ነበር። ለካ ቱቦው መጀመሪያ ሲተከል በጨጓራዋና በሆዷ ግድግዳ መካከል የገባውን አንጀት በስቶ አልፏል። ጫፉ ጨጓራ ውስጥ እስካለ ድረስ ችግሩ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ሲቀየር ግን አዲሱ ቱቦ አንጀቷ ላይ ቀረ። ልጄ በየቀኑ «እየበላች» ትራብ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ቀዶ ሕክምናው በላፓራስኮፒ ተሠራ። ሆዷን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነፍተው በእምብርቷ በኩል ካሜራ፣ በሌሎች ቀዳዳዎች ደግሞ የጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸውን መሣሪያዎች አስገቡ። አንጀቱን ከጨጓራው አላቀው ሁለቱንም ሰፉ፤ ከዚያ አዲሱን ቱቦ በዓይናቸው እያዩ ተከሉ።

ታዲያ ትንሹ ምኑ ነው? ከላይ የሚታየው ቁስል ነው። ሙሉ ሰመመኑ ያው ነው፤ ውስጥ የሚሰፋውም ያው አንጀት ነው። በካሜራ ካልተቻለ ሆዷ ሊከፈት እንደሚችል ፈርመናል። ሕመሙ እንደሚቀልና ቶሎ እንደምታገግም ነግረውን ነበር፤ እውነትም ሆነ። እኔን ያሳመነኝ ግን ጠባሳው ማነሱ አይደለም፤ ቱቦው የት እንደሚገባ ሐኪሙ ማየቱ ነው።

እናንተም ቱቦ ሲቀየር ቦታውን በምን እንዳረጋገጡ ጠይቁ። ከተቀየረ በኋላ ወተቱ እንዳለ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ወተት በመለወጥ ጊዜ አታጥፉ፤ ፈሳሹ ተሰጥቶ ኤክስሬይ እንዲታይ ጠይቁ። እኔ ሳላረጋግጥ ወተት አላስጀምርም። አንዷ ነርስ ገና በሩ ላይ ስታየኝ «ተቆጣጣሪዋ መጣች» ትላለች፤ ከዚያ እየሳቀች የቱቦውን ቦታ ታሳየኛለች።