የድኻ ማሰሮ በካይሮ

በካይሮ ከተማ ጎሕ ሲቀድ ፉል ሻጩ ጋሪውን ከመንገድ ዳር ያቆማል። ባቄላው አንገተ ጠባብ በሆነ ማሰሮ በለዘብታ እሳት ሲበስል ያደረ ነው፤ በዘይት፣ በከሙንና በሎሚ ይጣፍጣል። በቀትርም ምስር፣ ሩዝና መኮሮኒ የተደባለቀበት ኩሸሪ ይቀርባል። እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ማሰሮ ይበላሉ፤ ጥሉላት ስለሌለበትም፣ በዓመት ከ200 ቀን በላይ ለሚጾሙት ቅብጣውያን የጾም ምግብ ነው።

መንግሥት በሩዝ፣ በስኳርና በሌላም ምግብ ላይ ዋጋ ስለ ጨመረ፣ ጥር 10 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ገሃድ፣ ሕዝቡ በየከተማው ተነሣ፤ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ዋጋው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ስለዚህ ገዢ ሁሉ የድኻን ማሰሮ አይናቅ፤ እርሱ ሲጎድል የቤተ መንግሥት ደጅ በሰላም አያድርም።