የመረብ ሀሁ

አዲስ ትምህርት ሲጀመር ብዙውን ጊዜ ተማሪን የሚያስፈራው የትምህርቱ ክብደት ሳይሆን የቃላቱ እንግድነት ነው። እኔም ከወግዲ ወጥቼ ኮሌጅ በገባሁ ጊዜ «የኮምፒዩተር መረብ መሠረተ ሐሳብ» የሚል ርእስ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሳይ የተሰማኝ ፍርሃት ይኸው ነበር። ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር በእጄ ነክቼ አላውቅም። ከከተማ የመጡት ጓደኞቼ ጣቶቻቸውን በቁልፎቹ ላይ ሲያሯሩጡ ስመለከት፣ በኩራዝ ብርሃን ያጠና ሰው ከእነዚህ ጋር እኩል ሊራመድ ይችላልን? እያልሁ ራሴን እጠይቅ ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከትምህርቱ ከራሱ ነው።

በመሠረቱ የኮምፒዩተር መረብ ማለት ኮምፒዩተሮች በሽቦ ወይም በሬዲዮ ሞገድ ተገናኝተው መልእክት የሚለዋወጡበት ሥርዓት ነው። መልእክቱ ግን እንዳለ አይላክም፤ በትንንሽ ጥቅሎች ይከፋፈላል። እያንዳንዱም ጥቅል የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ፣ እንዲሁም ተራውን የሚያመለክት ቁጥር ይይዛል። መምህራችን ይህን ሲያስረዱ በዓይነ ኅሊናዬ የታየኝ ወግዲን ከጎጃም የሚለየው የዓባይ ሸለቆ ነበር። ያንን ቁልቁለት የሚወርድ ነጋዴ እህሉን ሁሉ በአንድ አህያ ላይ አይቆልልም፤ ለብዙ አህዮች ያከፋፍለዋል እንጂ። አህዮቹ ቀድመውም ሆነ ዘግይተው ቢደርሱ፣ ተቀባዩ ጭነቱን ቆጥሮ ይረከባል፤ የጎደለ ካለም ይጠይቃል። ኮምፒዩተሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ተቀባዩ የደረሰውን ጥቅል «ደርሶኛል» ብሎ ያስታውቃል፤ ይህ ማረጋገጫ በጊዜው ካልመጣ ላኪው ያንኑ ጥቅል እንደ ገና ይልካል። እንዲህ ያለው የመላላኪያ ደንብ «ፕሮቶኮል» ይባላል። ስሙ ባዕድ ቢሆንም ነገሩ በአገሬ ገበያ የማውቀው ሆኖ ባገኘሁት ጊዜ ፍርሃቴ በብዙ ቀለለልኝ።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘሁት በቤተ ሙከራ ነው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣው አከፋፈል መሠረት የመረብ ሥራ በሰባት ደረጃዎች ይመደባል። የመጀመሪያውና የታችኛው ደረጃ ሽቦውና በሽቦው የሚተላለፈው ምልክት ሲሆን፣ ሰባተኛውና የላይኛው ተጠቃሚው የሚሠራባቸውን ፕሮግራሞች የሚያገለግለው ነው። አንድ ቀን ከኮምፒዩተሮቹ አንዱ ከሌሎቹ ጋር አልገናኝ አለ። ከመካከላችን አንዳንዱ «ችግሩ ከፕሮግራሙ ነው»፣ ሌላው «ከአድራሻው ነው» እያለ ሲከራከር፣ መምህራችን «ከታች ጀምሩ» ብቻ ብለው ዝም አሉ። ገመዱን በእጃችን እየዳሰስን ብንከተለው ጫፉ ከመሰኪያው ላልቶ ተገኘ። ጠበቅ ስናደርገው ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ። በቁልፎቹ ላይ ፈጣን የነበሩትም ዘገምተኛ የነበርነውም ያን ዕለት እኩል ተማርን።

ይህን ዕውቀት የጀመሩት ሊቃውንትም ቢሆኑ የተነሡት ከሀሁ ነው። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት አርፓኔት በተባለው መረብ ሲላክ፣ በእንግሊዝኛ አምስት ፊደላት ካሉት «ሎግኢን» ከሚለው ቃል የደረሱት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ወዲያው ማሽኑ ሥራውን አቆመ። ቃሉ በሙሉ የተላለፈው ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ነው። አገራችንም ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችው ከዚያ 28 ዓመት ቆይቶ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ነበር።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፤ የሂሳብ ስሌት ወይም የሰዋስው ሕግ ሲከብዳችሁ «ይህ ለእኔ አልተፈጠረም» ከማለታችሁ በፊት ወደ ታች ውረዱ። የትኛውን ቃል፣ የትኛውን ደንብ፣ የትኛውን ያለፈ ምዕራፍ እንዳልተረዳችሁ ፈልጉ። የላላው ጫፍ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ለመምህራችሁ የምታቀርቡትም ጥያቄ ከዚያ ይነሣል። ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ስላለው፣ ከወግዲ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚወስደው መንገድ ከእኛ ዘመን ይልቅ አጥሯል። ሀሁን መቁጠር ግን ለከተሜውም ለገጠሬውም ዛሬም አይቀርለትም።