ቀለም የተቀባ ሞተር

አባዬ ቀለም የተቀባ ሞተር አይወድም። ይህን ያወቅሁት የ1967 ቮልስዋገናችንን ሞተር አውርደን፣ ፈታተን፣ ዕቃዎቹን ጋራዡ ወለል ላይ ከደረደርን በኋላ ነው። እኔ ጥቁርና የብር መልክ ያለው ስፕሬይ ቀለም ገዝቼ መጣሁ። አባዬ ጣሳዎቹን አየና «ይሄ ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ሞተሩን ላሳምረው ብዬ ነዋ!»

«ሞተር ማማር ምን ያደርግለታል?»

ቂሙ የቆየ ነው። አዲስ አበባ እያለ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛው መኪናም ቮልስ ነበር። (እዚያ ሰው ቮልስዋገን ብሎ አይጨርሰውም፤ ቮልስ ይለዋል።) ለዓመታት ያጠራቀመውን ብር ይዞ ሲሄድ ሻጩ የኋላውን ኮፈን ከፈተለት። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ከፊት ያለው የሻንጣ ቦታ ነው። ሞተሩ በብር ቀለም ተቀብቶ ያበራል። አባዬ ደስ ብሎት ገዛ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ሲወጣ መኪናው ሥር ዘይት ተኝቷል። ቀለሙ የተቀባው ከነቆሻሻው ነበርና ሲሞቅ ተላጠ፤ ከሥሩ ስንጥቁ ታየ። ሞተሩን ለማሠራት ከዘመድ ተበደረ።

ስለዚህ ድርድር ጀመርን። እኔ ዝገቱን አሳየሁት፤ እሱ ደንቡን ነገረኝ።

ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ ውሃ አይጠጣም። የሚያቀዘቅዘው ንፋስና የራሱ ዘይት ነው። ሲሊንደሮቹ ዙሪያቸውን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ቀጫጭን ክንፎች አሏቸው፤ ንፋሱ በመካከላቸው ያልፋል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይወጣል። «ወፍራም ቀለም ከቀባሽው ጋቢ አለበስሽው ማለት ነው» አለኝ አባዬ። ሲሊንደሮቹ ብረት ስለሆኑ ይዝጋሉ፤ እነሱን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስስ አድርጌ ጥቁር እንድቀባ ተፈቀደልኝ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ አይነካም። ትልቁ የሞተር አካል ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ነው፤ እሱም እንዳለ ይቀራል። የብር ቀለሜ ሥራ ፈታ ማለት ነው። ንፋሱን የሚመሩት ላሜራዎች ግን ከፋብሪካም ጥቁር ስለነበሩ እንደፈለግሁ ላሳምራቸው እችላለሁ።

«የሞተሩን አካል ለምን አልቀባውም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዘይት ከየት እንደሚወጣ ማየት እፈልጋለሁ።»

የሞተር ቁጥሩም እንዳይሸፈን አስጠነቀቀኝ። ቁጥሩ ጄኔሬተሩ ከተቀመጠበት ሥር ተቀርጿል። «ሊብሬ ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ጉድ ነው» አለ፤ ሊብሬ የመኪና ባለቤትነት ደብተር ነው። እዚህ አገር ሊብሬ የለንም። ቢሆንም ቁጥሩን በፕላስተር ሸፈንኩት።

እነዚህን ቃላት የተማርኩት ከአባዬ ነው። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ካቻቪቴ። አማርኛ ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። አባዬ ግን በዚህ አይስማማም። «ስልሳ ዓመት የተናገርኩበት ቃል አማርኛ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» ይላል።

ቀለም መቀባት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ማጠቡ ግን ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። መጀመሪያ ላምባ፣ ቀጥሎ የሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ ሙቅ ውሃና የዕቃ ሳሙና፣ በመጨረሻ በቲነር የተነከረ ጨርቅ። በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል የተጋገረውን ጥቁር ቅባት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አወጣሁት። አባዬ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አይሆንለትም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነጭ ጨርቅ ይዞ ይፈትሻል። ጨርቁ ከጠቆረ «ድገሚው» ይላል። ስንት ጊዜ እንዳለኝ መቁጠር አቆምኩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ቀባሁ። ከመቀባቴ በፊት ብረት ከብረት የሚገጥምበትንና ጎሚኒ የሚቀመጥበትን ቦታ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ። ጎሚኒ ዘይት እንዳይወጣ የሚያደርገው የጎማ ቀለበት ነው። ጎማው ንጹሕ ብረት ላይ ካልተቀመጠ ዘይቱ መውጫ ያገኛል።

በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ስምንት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ዘይቱ በእነሱ ውስጥ ይመለሳል። ሰባቱ ጥሩ ወጡ። የስምንተኛው ፕላስተር ተላጠና ቀለሙ ጫፉ ላይ ወርዶ ጠጥሮ አገኘሁት። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ማጽዳት ነበረብኝ። ግን መሽቷል፣ ደክሞኛል፣ ቱቦው ደግሞ ያበራል። አባዬ ቡና ሊጠጣ ገብቶ ነበር። ጎሚኒውን አለበስኩትና ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኩት።

ሞተሩን ገጥመን መኪናው ላይ ከሰቀልነው በኋላ አባዬ ራሱ ቁልፉን አዞረ። ሦስት ጊዜ አጉረመረመና ተነሳ። ያንን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልብስ ስፌት መኪናና ሞተር ሳይክል አንድ ላይ የሚሠሩ ይመስላል። ወዲያው ጭስ ወጣ። «ተቃጠለ!» ብዬ ጮህኩ። አባዬ ሳቀ። ሙቀት የሚችል ቀለም በደንብ የሚደርቀው ሲሞቅ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይጨሳል፣ ይሸታልም። በእርግጥም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጭሱ ጠፋ። ላሜራዎቹ እንደ አዲስ ጫማ ያበራሉ። አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ ብዙ አያቸው፤ «ደህና ነው» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከዚያ ካርቶን አንጥፎ፣ ባትሪ ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ። እኔም አጠገቡ ተኛሁ። ባልተቀባው ብረት ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ አንዲት የዘይት ጠብታ ስትወርድ ታየችን። ሌላው ሁሉ ንጹሕ ስለሆነ ከየት እንደመጣች መፈለግ አላስፈለገም። አባዬ በጣቱ ጠረጋት። ሌላ መጣች።

«እዚህ ጋ ቀለም ገብቷል?» አለኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«አውቀሽ ነበር?»

ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ባትሪውን አጠፋውና ትንሽ በጨለማው ቆየን።

«ይሄን ቱቦ ለማውጣት ቴስታታው መነሳት አለበት» አለ በመጨረሻ። «ቴስታታው እንዲነሳ ሞተሩ መውረድ አለበት።»

«አውቃለሁ።»

«ስንቱ ላይ ነው?»

«አንዱ ላይ ብቻ።»

«ስምንቱንም እናያለን» አለና ከካርቶኑ ላይ መነሳት ጀመረ። እጄን ሰጠሁት። ልብሱን አራግፎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ የመፈተሻ ጨርቁን ከኪሱ አወጣ። «አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አምጪ።»