የእናቴ ሙዳይ

ሃያ ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ስለ ጥያቄ አጠያየቅ የሚማረው ነገር የቀረው አይመስለውም። እኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን መጠየቅ አለማወቄን ያስተማረችኝ፣ ዕድሜዋ ከተማሪዎቼ ብዙ የማይበልጥ አንዲት ነርስ ናት።

እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። የደም ግፊት ከያዛት ዘጠኝ ዓመት፣ የስኳር በሽታ ከታወቀባት አራት ዓመት ሆኗል። እኔ ራቅ ባለ ከተማ ስለምኖር፣ በየበዓሉ ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ ከሰላምታ በኋላ፣ «እማዬ፣ መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?» እላታለሁ። እርሷም፣ «አዎ ልጄ፤ ተመስገን» ትለኛለች። እኔም ግዴታዬን እንደ ፈጸምሁ ቆጥሬ ወደ ሌላ ጨዋታ አልፋለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከእርሷ ዘንድ ሳለሁ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ወደቀች ተብዬ ተጠራሁ። ስደርስ ላብ አጥምቋት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ስሜን እንኳ መጥራት አቅቷት አገኘኋት። ጤና ጣቢያ ወስደናት ደሟ ቢመረመር ስኳሩ እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በደም ሥሯ ግሉኮስ ተሰጥቷት ወደ ራሷ ተመለሰች።

ከዚያም ነርሷ መዝገቧን ይዛ ስለ መድኃኒቷ ጠየቀቻት። እናቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት እኔ ፈጥኜ፣ «በሥርዓት ትወስዳለች» አልሁ። ነርሷም በትሕትና፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እማማ ራሳቸው ይንገሩኝ። እርስዎ ቤት ሄደው፣ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የቆየውንም ከሌላ ሰው የተገኘውንም፣ ሰብስበው ያምጡልኝ» አለችኝ። ነገሩ ቅር አሰኘኝ፤ ሆኖም ታዘዝሁ።

እናቴ መድኃኒቷን የምታኖረው ከአልጋዋ ራስጌ ባለች አሮጌ ሙዳይ ውስጥ ነው። አምጥቼ በጠረጴዛው ላይ ብንዘረግፈው፣ ከግፊት ኪኒኖቿ አንዱ ሳይነካ ተርፎ፣ የስኳሩ ኪኒን ተጋምሶ፣ ሐኪም ያላዘዘው ዳይክሎፌናክ ደግሞ በወረቀት ተጠቅልሎ ተገኘ።

ነርሷ አልተቆጣችም። አንዱን እያነሣች፣ «እማማ፣ ይህ ለምንድር ነው የተሰጠዎት? መቼ መቼ ይወስዱታል? ከወሰዱት በኋላስ ምን ይሰማዎታል?» ትላለች፤ መልሱን እስከ መጨረሻው ሰምታ ወደ ሌላው ታልፋለች። «ሰዎች ነንና ሁላችንም እንረሳለን፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አለፈዎት?» አለች እንጂ፣ «ረስተው ያውቃሉ ወይ?» አላለችም። በመካከሉ እናቴ እየፈራች ወደ እኔ ስትመለከት አይታ፣ ጥቂት ጊዜ ውጭ እንድቆይ ለመነችኝ።

እናቴ ለልጇ ያልነገረችውን ለማታውቃት ልጅ ነገረቻት። ኋላ በፈቃዷ እንደ ሰማሁት ነገሩ ይህ ነበር። ከግፊት ኪኒኖቿ አንዱ ሽንት የሚያበዛ ስለ ሆነ፣ ከቅዳሴ መካከል አቋርጦ መውጣት አሳፍሯት፣ በእሑድና በበዓል ቀን ትተወው ነበር፤ በፍልሰታ ግን ዕለት ዕለት ስለምታስቀድስ ጨርሳ ተወችው። ጉልበቷን ሲያማት ከጎረቤት የተቀበለችውን ዳይክሎፌናክ በየቀኑ ትውጥ ነበር፤ ይህም የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግና ኩላሊትን ሊጎዳ እንደሚችል የነገራት አልነበረም። የስኳሩን ኪኒን «ጧት ይውሰዱ» ስለ ተባለች፣ በጾሙም ጧት እየዋጠች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ትውላለች። «ከምግብ ጋር» የሚለው ቃል ወይ አልተነገራትም፣ ወይ አልሰማችውም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «መቼ ጠየቅኸኝ? ‹ትወስጃለሽ› አልኸኝ እንጂ። ደግሞስ የልጆችህ ወጪ ሳለብህ፣ የጉልበት መድኃኒት ግዛልኝ ልልህ ኖሯል?» አለችኝ።

አንባብያን ሆይ፤ በክፍል ውስጥ «ገባችሁ ወይ?» ያልሁ እንደ ሆነ ሁሉም «አዎ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በልጅነቴ ያስተማሩኝ የኔታም የተማርነውን በቃላችን እስክናሰማቸው ድረስ ወደሚቀጥለው አያሻግሩንም ነበር። ለተማሪ የማደርገውን ለእናቴ ነፈግኋት።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ሰው ሲያረጅ ኩላሊቱ ስለሚደክም መድኃኒቱ ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም። ማርክ ቢርስ የተባለ አሜሪካዊ የአረጋውያን ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ከባልንጀሮቹ ጋር ለአረጋውያን ጉዳታቸው ሊያመዝን የሚችል መድኃኒቶችን ዝርዝር አውጥቶ ነበር፤ ዝርዝሩም እየታደሰ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እናቴ ትወስደው የነበረው ግሊቤንክላማይድ፣ ስኳርን ለረጅም ሰዓት ዝቅ ስለሚያደርግ፣ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ሰው በመድኃኒት ስሕተት እንዳይጎዳ ዘመቻ በጀመረ ጊዜ፣ ብዙ መድኃኒት በአንድነት የሚወስዱ ሰዎችን ጉዳይ ከዋና ዋናዎቹ አንዱ አድርጎታል።

ስለዚህ ሐኪሙ የስኳሩን መድኃኒት ለወጠላት፤ ዳይክሎፌናኩን አስተዋት፤ ሽንት የሚያበዛውንም በቅዳሴ ቀን ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ እንድትወስድ ፈቀደላት። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቷን አማከርን፤ እርሳቸውም ከመድኃኒቷ ጋር እህል እንድትቀምስ አዘዟት። ጸበሏንም አልተወችም። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የተጻፈውን ያነበበ ሰው፣ ጸሎትና ሕክምና ተጣልተው እንደማያውቁ ይረዳዋል።

እንግዲህ በየቤታችሁ አባትና እናት፣ አያትም ያላችሁ ሁሉ፣ «ይወስዳሉ ወይ?» ብላችሁ አትለፉ። መድኃኒቱን ሁሉ ከነማስታገሻው፣ ከነአገር ባህሉ ሥራ ሥር፣ በፊታቸው አኑራችሁ አንድ በአንድ ያስረዷችሁ። ሲያስረዱም አታርሟቸው፤ የተቆጣ ጠያቂ እውነት አይሰማም። የሰማችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ ከነመድኃኒቱ ለሐኪም አድርሱ እንጂ፣ በራሳችሁ ፈቃድ አንዱን አታስቁሙ፣ ሌላውንም አትጨምሩ። ለልጅ የማይነገር ነገር እንዳለም አውቃችሁ፣ ከሐኪም ጋር ብቻቸውን የሚነጋገሩበትን ጊዜ ስጧቸው።

ባለፈው በዓል እናቴ ዘንድ ስሄድ፣ ቡናው እስኪፈላ ከአጠገቧ ተቀምጬ፣ «እስቲ ሙዳይሽን አሳዪኝ» አልኋት። አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ከጨረሰች በኋላ ጥቂት ዝም ብላ፣ የመቀነቷን ጫፍ ፈትታ፣ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ ኪኒን አወጣችና በእጄ ላይ አኖረችው። «ይህን ደግሞ ትናንት ጎረቤቴ ሰጠችኝ፤ አልዋጥሁትም፤ እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁህ» አለችኝ።